የሚጨመር ነዳጅ ዋጋ፤ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መርሳ

መርሳ ከአዲስ አበባ በአየር በቀጥታ ቢለካ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በመኪና የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ደሴ ላይ አድሮ ወይም ምሳውን በልቶ፣ ከዚያም ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ተሻግሮ ይደርስባታል። ወልድያ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትቀራለች። ከተማዋ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምዕራብ ደጋው ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እየተንሸራተተ ወደ አፋር በረሐ ይወርዳል።

ለአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ደርሶ መልሱ 620 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ኮረም ቢሆን ደግሞ ወደ 790 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብራሪው ከአዲስ አበባ ሲነሣ የሚመለስበትን ነዳጅ ይዞ መነሣት አለበት፤ አለዚያም አንድ ሰው ቀደም ብሎ በርሜል አድርሶ ሊጠብቀው ይገባል። በሰሜን ወሎ ሰማይ ላይ በአነስተኛ አውሮፕላን የበረሩ ሰዎች ታሪክ ከሞላ ጎደል በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል የተደረገ ምርጫ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው አውሮፕላን ኢትዮጵያ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኑ ፖቴዝ 25 ሲሆን፣ ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ ያደረሰው ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ነበር። ሰባት ወር ያህል እንደ ቆየ፣ በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. በራስ ጉግሣ ወሌ ላይ በተደረገው የአንቺም ጦርነት አውሮፕላን በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ ደጋ ላይ ታየ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነገረው ሁልጊዜ ከላይ ስለ ተበተነው ወረቀትና ስለ ተጣለው ቦምብ ነው። አውሮፕላኑ የተነሣበት ሜዳ ላይ ነዳጅ ማን አደረሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚያን ጊዜ ቤንዚን በጅቡቲ ወደብ ገብቶ በባቡር አዲስ አበባ ይደርስ ነበር፤ ከባቡሩ ጣቢያ ወዲያ ያለው ጉዞ የጭነት መኪና፣ መኪና በማይደርስበትም የበቅሎና የግመል ጉዳይ ነበር።

የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ጎልቶ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አደረጉ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በዚያን ጊዜ የነበሩት ጥቂት አውሮፕላኖች መሣሪያ የሌላቸው በመሆናቸው ሥራቸው መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት ማመላለስ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር የተመላለሰው በእነዚህ አውሮፕላኖች ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በዘመኑ የነበረ አነስተኛ አውሮፕላን ያለ ችግር ይደርሳል። ከደሴ ኮረም ግን ሌላ 150 ኪሎ ሜትር አለ፤ መመለሻውም እንዲሁ። ስለዚህ ደሴ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡባት ከተማ ብቻ ሳትሆን በአየርም በኩል የሰሜኑ ግንባር ደጃፍ ነበረች።

በዚህ መስመር ላይ ከበረሩት ሰዎች አንዱ ወጣቱ ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር ሄንከል የተባለ የአምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ መጣ፤ በኋላም በፎከር አውሮፕላን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ከደሴ ወደ ኮረም አደረሰ። ማይጨው ላይ ጦርነቱ ከመደረጉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም.፣ ያ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ፎከር ኮረም ሜዳ ላይ እንደ ቆመ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ተቃጠለ። አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ በሚያሳልፈው በእያንዳንዱ ሰዓት ለጠላት የተጋለጠ መሆኑን ወጣቱ አብራሪ በዓይኑ አየ። ሜዳ ላይ ነዳጅ መጠበቅ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም።

በዚያው ዘመን፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አንድ ቀላል አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል። ስሟ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ «ፀሐይ» ተባለ፤ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ቫልተር ሞተር ተገጥሞላት ነበር። ጣሊያኖች ወስደዋት ለብዙ ዓመታት በአየር ኃይላቸው ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በአገር ውስጥ አውሮፕላን የመሥራት ሐሳብ ከየት እንደ ጀመረ ለሚጠይቅ ሰው መነሻው እርሷ ናት።

ወደ ነዳጁ እንመለስ። በአነስተኛ አውሮፕላን ላይ ነዳጅ መጨመር ከውጭ ለሚመለከት ሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ አንድ ታንክ አሠርቶ መግጠም ነው። የሙያው ሰው ግን ሒሳቡን ከሌላ ወገን ይጀምራል። አንድ ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን 0.72 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 140 ሊትር ማለት አንድ ኩንታል ማለት ነው። አውሮፕላኑ የሚችለው ጭነት በፋብሪካው የተወሰነ በመሆኑ አንድ ኩንታል ነዳጅ ሲገባ አንድ ኩንታል ሌላ ነገር መውረድ አለበት፤ ያም መንገደኛ፣ መድኃኒት ወይም እህል ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይወርድ ነዳጁ ከተጨመረ የወረደው ነገር ለችግር ጊዜ የተተወው ትርፍ አቅም ነው፤ ይኸኛው ደግሞ በዓይን ስለማይታይ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቦታ ነው። አውሮፕላን እንደ ሚዛን ነው፤ ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ ከተወሰነለት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ መውጣት የለበትም። የፋብሪካው ታንኮች ብዙውን ጊዜ ክንፉ ውስጥ የሚደረጉት ነዳጁ ሲያልቅ ሚዛኑ እንዳይዛባ ነው። የሚጨመረው ታንክ ግን ቦታ የሚያገኘው ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከአብራሪው ጎን ወይም ከኋላው ነው። ከኋላ የተደረገ ታንክ ሲሞላ ጅራቱን ይጫነዋል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫውን ሽቅብ እየሰቀለ ለመሪው አይታዘዝም፤ ፍጥነቱ ከቀነሰም እንደ ገና ማቃናት አይቻልም። ስለዚህ ከየትኛው ታንክ ቀድሞ መጠቀም እንደሚገባ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ማወቅ ግዴታው ነው። ብዙዎች የቤት ሠሪዎች ታንኩን አጥብቀው በማሰር ላይ ሲደክሙ ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ሳይጽፉ ይነሣሉ።

ሌሎቹ ጉዳዮች ትናንሽ ቢመስሉም ሰው ገድለዋል። ታንኩ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ነዳጁ ሲወጣ በፋንታው አየር ካልገባ ፓምፑ ባዶ ይስባል፣ ሞተሩም ታንኩ ግማሽ ሳለ ይጠፋል። መተንፈሻው ከውጭ እንጂ ከሰው ክፍል መክፈት የለበትም፤ የቤንዚን ጭስ አብራሪውን ያደነዝዘዋል። ታንኩ ረጅም ከሆነ ውስጡ በቀዳዳ ግድግዳ ካልተከፈለ ነዳጁ በመዞሪያ ላይ እየተንቦጫረቀ መውጫውን ባዶ ያስቀረዋል። ታንክ የሚለውጠው ቁልፍ ደግሞ አብራሪው ዓይኑን ከፊት ሳያነሣ በእጁ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ቻርልስ ሊንድበርግ በግንቦት 1919 ዓ.ም. (በ1927 እ.ኤ.አ.) ከኒው ዮርክ ፓሪስ ሲበር ዋናውን ታንክ ከራሱ ፊት፣ በሞተሩና በመቀመጫው መካከል አደረገው። ይህን ያደረገው ፊት ለፊት ማየት እንዳይችል መሆኑን እያወቀ ነው፤ አውሮፕላኑ ቢወድቅ በሞተሩና በነዳጁ መካከል መጨፍለቅ አልፈለገም፣ ሚዛኑም በዚያ ይሻል ነበር። ወደ ፊት ሲያይ የነበረው በትንሽ የመስታወት መሣሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከሊንድበርግ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚቀርብ፣ ግን እምብዛም የማይወሳ በረራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፎን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ወጣቶች የሚያሠለጥነው የስዊድናውያን ቡድን መሪ ሆነ፤ በዚህም ሥራ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ቆየ። ለማሠልጠኛ ከተመረጡት አውሮፕላኖች አንዱ በሳብ ኩባንያ የተሠራው ሳፊር ነበር። ሳፊር ሦስት ሰው የሚይዝ፣ 145 የፈረስ ጉልበት ባለው ጂፕሲ ሜጀር ሞተር የሚሠራ፣ በተለመደው ታንኩ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቀላል አውሮፕላን ነው። በ1939 ዓ.ም. (በ1947 እ.ኤ.አ.) ፎን ሮዘን አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አደረሰው። ርቀቱ 6220 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም ወደ 31 ሰዓት ነበር። ሊንድበርግ የሄደው 5800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የተጠቀመበትም ሞተር 223 የፈረስ ጉልበት እንደ ነበረው ስናስብ የሳፊሩ በረራ ምን ያህል እንደሆነ ይገባል።

ቁጥሮቹን መመርመር ይጠቅማል። 6220 ለ31 ሲካፈል ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሳፊር ከዚህ ይበልጥ መሄድ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው ሆን ብሎ ቀስ ብሎ በርሯል። እንዲህ ያለው ሞተር በቁጠባ ሲነዳ በሰዓት 24 ሊትር ገደማ ይፈጃል ቢባል ጠቅላላው 740 ሊትር ያህል፣ ክብደቱም ከአምስት ኩንታል በላይ ይሆናል። ባዶው ሳፊር ራሱ የሚመዝነው ወደ 580 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ግምት መሠረት አውሮፕላኑ ሲነሣ የራሱን ክብደት የሚያህል ቤንዚን ተሸክሞ ነበር፤ ከተፈቀደለትም 1075 ኪሎ ግራም ገደማ አልፎ ነበር ማለት ነው። በመንገደኞች ቦታ የተቀመጠው ነዳጅ ነው።

ስለዚህ በረራ የሚነገረው የአብራሪው ድፍረት ነው፤ ድፍረቱም አይካድም። ነገር ግን ትልቁ ብልሃት ያለው በአቅጣጫው ነው። ስቶክሆልም ባሕር ዳር ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ አየሩ ወፍራም በመሆኑ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን፣ ክንፉም ሙሉ መሸከሚያውን ያገኛል። ከባዱ አውሮፕላን የተነሣው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ ቀልሎ ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፣ በቀጭኑ አየር ውስጥ ያረፈው ቀላሉ አውሮፕላን ነው። ይኸው ጉዞ ተገልብጦ ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ይሁን ቢባል፣ ያው ሳፊር ያንኑ 740 ሊትር ተሸክሞ ከመሬት መላቀቁ በጣም አጠራጣሪ ነው። አየር የማይታመቅለት ተራ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 145ቱ የፈረስ ጉልበት ወደ 110 ይወርዳል። ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠም ሜዳ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ አብራሪ መራራ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ርቀትን በታንክ ይገዛል። ከደጋ የሚነሣ ግን ታንኩ ቢኖረውም ነዳጁን ማንሣት አይችልም። በ1979 ዓ.ም. (በታኅሣሥ 1986 እ.ኤ.አ.) ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር «ቮዬጀር» በተባለው፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ በተሠራው አውሮፕላናቸው ያለ ማረፍ ዓለምን ሲዞሩ 17 ታንኮች ይዘው፣ ከተነሡበት ክብደት ከሰባ በመቶ በላይ ነዳጅ ነበር። የክንፉ ጫፎች መሬት እየጫሩ ለመነሣት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ማኮብኮቢያ ፈጁ። ያም የሆነው 700 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ ከፍታ ይህን የሚያስብ አይኖርም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲገባ ይህ ሒሳብ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በደሴና በወልድያ መካከል ያለው መንገድ እህል የሚያመጣ መኪና የሚያልፍበት፣ ከደጋና ከቆላ ደግሞ የተራበ ሕዝብ በእግሩ የሚደርስበት መስመር ነበር። መኪና መንገዱ ዳር ለደረሰው ይበቃል፤ ከመንገዱ ለራቀው ግን አይበቃም። ከዚህ ዘመን ጋር ስሙ የሚነሣው ያው ፎን ሮዘን ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኤም ኤፍ አይ 15 በተባሉ ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ውስጥ እህል ከአየር የመጣል ሥራ ጀመረ።

የእነዚህ አውሮፕላኖች ትውልድ ለቤት ሠሪ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ንድፉን ያወጣው ስዊድናዊው ብዮርን አንድሬያሶን በአሜሪካ ሲሠራ ሳለ ለራሱ ቢ ኤ 7 የምትባል ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ እርስዋም በ1958 እ.ኤ.አ. በረረች። ወደ አገሩ ሲመለስ ያች የቤት ሥራ ኤም ኤፍ አይ 9 ተብላ በፋብሪካ ተሠራች። ፎን ሮዘን በ1969 እ.ኤ.አ. በቢያፍራ ጦርነት ሮኬት አስታጥቆ የተዋጋባት እርስዋ ናት። ኤም ኤፍ አይ 15 ደግሞ ከዚያው ሰው እጅ የወጣች እኅት ናት። አንድ ሰው በግል ጊዜው የሠራት አውሮፕላን ዘር ሮኬት ከተሸከመ በኋላ ለተራበ ሰው እህል ተሸከመ፤ ጭነቱ የሚንጠለጠለው በዚያው ከክንፍ ሥር ነው።

እህል በሚጣልበት ሥራ የነዳጅ ጥያቄ ተገልብጦ ይመጣል። ሳፊር ላይ ሰው ወርዶ ነዳጅ ተጫነ፤ እዚህ ነዳጅ ወርዶ እህል መጫን አለበት። 140 ሊትር የተተወ ነዳጅ አንድ ኩንታል እህል ነው፤ አንድ ኩንታል እህል ለአንድ ቤተሰብ ስንት ሳምንት እንደሚበቃ ወሎ ውስጥ ማንም ይነግርዎታል። ነዳጅን ማሳነስ የሚቻለው ግን አውሮፕላኑ የሚነሣበት ሜዳ ከሚጥልበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የተማረው ነገር እንደ ገና እውነት ሆነ፤ ርቀትን የሚያሸንፈው ትልቅ ታንክ ሳይሆን መኪና ቀድሞ ያደረሰው በርሜል ነው። በ1977 ዓ.ም. የመጣው ረሃብ ላይ የውጭ አገር አየር ኃይሎች ትልልቅ አውሮፕላኖች ይዘው በመምጣታቸው ይህ ጥያቄ ለጊዜው ተረሳ፤ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ስለ አንድ ኩንታል አይጨነቅም።

ፎን ሮዘን ያንን ጊዜ አላየም። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. (በ1977 እ.ኤ.አ.) በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። ከወጣትነቱ ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ የበረረ ሰው በመጨረሻ የሞተው በመሬት ላይ መሆኑ ያስገርማል።

ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥ በግል የተሠራ አውሮፕላን ወሬ የተሰማው በ2007 ዓ.ም. ነው። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከመጻሕፍትና ከተንቀሳቃሽ ፊልም ተምሮ በ570 ቀናት አንድ ቀላል አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ነበር፤ ጉልበቱም ወደ 40 የፈረስ ጉልበት። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ላይ ለማብረር ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። አንዳንዶች ይህን እንደ ቀልድ ወሰዱት፤ ፍርዳቸው ግን ትክክል አይደለም። በሸዋ ደጋ ላይ 40ው የፈረስ ጉልበት ከ30 ብዙም አይበልጥም፤ በባሕር ዳር አገር ቢሆን ኖሮ ያው አውሮፕላን ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ ሞተር የገጠመ አውሮፕላን በደህና ይብረር እንበልና ባለቤቱ መርሳ ደርሶ ሊመለስ ቢያስብ፣ ሒሳቡ አጭር ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይፈጃል፤ የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ይጨመራል። በሰዓት 12 ሊትር ቢፈጅ 68 ሊትር ያህል ማለት ነው፣ ግማሽ ኩንታል። የሚመለስበትን ነዳጅ ሳይዝ ቢነሣ ግን 37 ሊትር ይበቃዋል፤ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይቀልለዋል፣ ጣርማ በርን ሲሻገርም ያች 20 ኪሎ ግራም ትታወቀዋለች። ሞተሩ የመኪና ሞተር እንደ መሆኑ የሚጠጣው የመኪና ቤንዚን ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ማንኛውም መኪና ሁለት ጀሪካን ጭኖ መርሳ ላይ ሊያወርድለት ይችላል።